«አገር ስጠኝ»፦ ጎጃም ያሉ ልጆችን ከኢትዮጵያ ጋር የምናስተዋውቅበት መንገድ

«እንቆቅልህ!»
«ምን አውቅልህ!»
«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው።»

ይህን ጨዋታ ሁላችንም እናውቀዋለን። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አገር ይሰጣል። ጠያቂው የተሰጠውን አገር ወስዶ፣ እዚያ ሄዶ የበላውን የጠጣውን ተናግሮ፣ ከዚያ መልሱን ይነግረዋል።

አራተኛ ክፍል ኅብረተሰብ ሳስተምር አንድ ቀን ልጆቹን እንቆቅልሽ አጫወትኳቸው። የሚሰጡት አገር ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ነው። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ። አንዱ ልጅ ግን «አፋርን ሰጠሁህ» አለ። ጠያቂው «አፋር ሄጄ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። «ግመል» አለ። ሌላ የሚለው አጣ። እኔም ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። የክልሎችን ስምና ዋና ከተማ በቃል አስጠንቻቸዋለሁ። አገሩን ግን አላሳየኋቸውም። ሁለቱም ልጆች ያን ዕለት ጠዋት ቤታቸው የበሉት ወጥ ውስጥ የአፋር ጨው ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ቀስ በቀስ ቀየርኩት። ከዚህ በታች ያለው ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆን የስምንት ሳምንት ያህል ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ትምህርት ሲቋረጥም ወላጆች ቤት ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው አመድ ወይም ጠመኔ፣ አንድ ሜትር ገመድ፣ ማስመሪያና ከጓዳ የሚገኝ ነገር ብቻ ነው።

1. ከጓዳ ጀምሩ

ካርታ አትስቀሉ። ገና ነው። መጀመሪያ ልጆቹን ወደ ቤት ላኳቸው። ሥራቸው እናታቸውን ወይም አያታቸውን «ይኼ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አምስት ነገር ይጠይቁ፤ ከእያንዳንዱም በወረቀት ጠቅልለው ትንሽ ይዘው ይምጡ።

ብዙ ወላጆች «ከገበያ ነዋ!» ይላሉ። ጥሩ። ልጆቹ በሁለት በሁለት ሆነው ገበያ ይሂዱ፤ ገበያው ሳይሟሟቅ፣ በጠዋቱ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ጥያቄ። «እትዬ፣ ይኼን ኮረሪማ ከየት ነው የሚያመጡላችሁ?» ብላ በአክብሮት የጠየቀች ልጅ ባዶ እጇን አትመለስም።

እናንተ ግን መልሱን ቀድማችሁ እወቁ። አገራችን ውስጥ የምንበላው ጨው አብዛኛው አፋር ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። ድሮ ደግሞ አሞሌ ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ በግመል ወደ ደጋ ወጥቶ፣ በአህያና በበቅሎ ጎጃም ድረስ ይመጣ ነበር። ገበያ ላይ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ይህን ስትነግሯቸው የልጆቹን ፊት እዩት። ጨው ብር ነበር ሲባሉ አያምኑም።

ኮረሪማው ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው፤ ከካፋና ከአካባቢው። ሙዙ አርባ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ስኳሩ የፊንጫ ከሆነ ዓባይን ብቻ ተሻግሮ ከወለጋ መጥቷል። የፊንጫ ወንዝ ራሱ የዓባይ ገባር ነው። ዕጣኑ ከመተማ ቆላ ሊሆን ይችላል። ቡናው የተለያየ ነው፤ ከወለጋ፣ ከጅማ፣ ከሲዳማ ይመጣል። ግን ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ የሚለቀም ቡናም አለ። ከባሕር ማዶ የመጣውንም አትደብቁ። ዘይቱ ከውጭ ከሆነ ከውጭ ነው በሉ።

አሁን ጥያቄውን ገልብጡት። «እኛስ ለማን ምን እንልካለን?» የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ አዲስ አበባ ይበላል። የቡሬ በቆሎ አለ። የአዊ ድንችና ቀርከሃ አለ። ይህን ጥያቄ አትዝለሉት። ልጁ አገሩን እንደ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን እንደ ሰጪም ማየት አለበት። «የኛ ጤፍ የሚበላው ልጅ ማን ይሆን?» ያለችኝን ተማሪ እስካሁን አልረሳትም።

2. መሬት ላይ ዓባይን ሣሉ

አሁን ወደ ሜዳ ውጡ። ካርታውን ከድንበር አትጀምሩት። ከወንዝ ጀምሩት፤ ለጎጃም ልጅ ደግሞ ከዓባይ።

አንዱን ልጅ ሰከላ ላይ አቁሙት፤ ግሽ ዓባይ፣ ምንጩ። ከዚያ በአመድ መስመሩን ወደ ሰሜን ወደ ጣና ሳቡ። ከባሕር ዳር አውጡት፣ ጢስ ዓባይን አሳልፉት፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙሩት። ልጆቹ ራሳቸው «እንዴ፣ ከብቦናል!» ይላሉ። ዓባይ ጎጃምን እንደ ፈረስ ኮቴ ከብቧታል። በአንድ ማዶ የጎንደር አገር፣ ቀጥሎ ወሎ፣ ቀጥሎ ሸዋ፣ ቀጥሎ ወለጋ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት እዚህ ጋ ንገሯቸው፤ በእግራቸው እየተከተሉት ስለሆነ ያኔ ይገባቸዋል።

መስመሩን ጉባ ላይ አቁሙት። የሕዳሴ ግድብ ግንባታ የተጀመረው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.። ቦንድ የገዙ ወላጆች ክፍላችሁ ውስጥ አይጠፉም። ደረሰኙን ያስቀመጠ ወላጅ ካለ ልጁ ይዞት መጥቶ ያሳይ። ጉባ ያለው መተከል ነው። መተከል ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው፤ በአያቶቻቸው ዘመን ግን ጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር። የአስተዳደር መስመር እንደሚለዋወጥ፣ ወንዙና ሰዉ ግን እዚያው እንደሆነ ልጆቹ የሚያዩት በዚህ ነው።

ከዚያ ሌሎቹን ወንዞች ጨምሩ። አዋሽን አትርሱ፤ ከሸዋ ተነስቶ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ዋቢ ሸበሌ ወደ ሶማሊያ ይወርዳል። ባሮ ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳል። ወንዞቹ ከተሣሉ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ከጓዳ ያመጣውን ይዞ ቦታው ላይ ይቁም። ጨው የያዘችው ሰሜን ምሥራቅ፣ ሙዝ የያዘው ደቡብ፣ ጤፍ የያዙት መሐል ተጠጋግተው። «ጎረቤትህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ካርታ ልጆች አይረሱትም፤ ቆመውበታልና።

3. ግድግዳ ላይ ከፍታውን ለኩ

አጭር ሥራ ነው፤ ብዙ ነገር ግን ይፈታል። አንድ ሜትር ገመድ ግድግዳ ላይ ወደ ታች ስቀሉ። ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አንድ መስመር አስምሩ፤ እሱ የባሕር ወለል ነው። 1 ሳንቲ ሜትር 100 ሜትር ማለት ይሁን።

ራስ ደጀን 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። የኛ ጮቄ 41 ገደማ። ደብረ ማርቆስ 24፣ ባሕር ዳር 18፣ ድሬዳዋ 12፣ ጋምቤላ 5 ገደማ። አፋር ያለው ዳሎልስ? ልጆቹ ገመዱ ላይ ይፈልጉታል። ከመስመሩ በታች ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ።

ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን በአውቶቡስ የሄደ ልጅ ካለ ይናገር። ደጀን ላይ ሹራብ ለብሶ፣ ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ሲደርስ አውልቆ፣ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ መልሶ ይለብሳል። ያ ልጅ ኢትዮጵያን በአንድ ሰዓት ውስጥ አይቷታል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚሉትን ቃላት ከዚህ በኋላ አስተምሩ። ሰው ለምን ያንን እንደሚያበቅል፣ ለምን ያንን እንደሚለብስ፣ ቤቱን ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ አብዛኛው መልስ ገመዱ ላይ አለ። ለምሳሌ የአፋር አርብቶ አደር ቤት ከሰሌንና ከእንጨት የሚሠራ፣ ተነቅሎ በግመል የሚጫን ነው። ልጆች «ድሃ ስለሆኑ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አይደለም። ግጦሽና ውሃ ተከትሎ ለሚሄድ ሰው ከዚያ የተሻለ ቤት የለም።

4. ሰላምታ አስተምሩ፣ ግን ከቅርብ ጀምሩ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ80 በላይ ቋንቋ አለ። ይህን ቁጥር ንገሯቸውና እለፉት። ልጅ በቁጥር አይደነቅም።

መጀመሪያ የጎጃምን ቋንቋ ስሙ። ብዙ ሰው ጎጃም ሲባል አማርኛ ብቻ ይመስለዋል። አዊ ላይ የአገው ሕዝብ ቋንቋ የሆነው አውንጂ ይነገራል፤ በትምህርት ቤትም ይሰጣል። እንደ አማርኛ የሴም ሳይሆን የኩሽ ቋንቋ ነው፤ በዘር ሐረጉ ከአማርኛ ይልቅ ለኦሮምኛ ይቀርባል። ክፍላችሁ ውስጥ አገው ልጅ ካለች የዕለቱ መምህርት እሷ ናት። እናንተ ተማሪ ሁኑ። ሰሌዳው ላይ እሷ ትጻፍ፣ እናንተ ደግማችሁ ተሳሳቱ፣ ትረማችሁ። በቋንቋዋ የምታፍር ልጅ በዚያ ቀን ቀና ስትል አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ሩቁ ሂዱ። አንድ ቃል ብቻ አስተምሩ፤ «ሰላም»። በኦሮምኛ ነጋ። በሶማሊኛ ነበድ። በወላይትኛ ሳሮ። በሲዳምኛ ኬሬ። በትግርኛ እንደኛው ሰላም። እነዚህ ቃላት ሰላምታ ውስጥም ይገባሉ። ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሰላም ነው። ልጆቹ ይህን ራሳቸው እስኪያዩት ጠብቁ እንጂ አትቅደሟቸው።

አነጋገሩን ከወረቀት አትማሩት። እዚያ የሚኖር ወይም እዚያ የተማረ ሰው በስልክ በድምፅ ቀድቶ ይላክላችሁ። ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል።

5. በዓልን በሣር ተከተሉ

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ሳምንት ይኼ ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ያደገች ልጅ እንግጫን ታውቃለች። አዲስ ዓመት ሲቃረብ ልጃገረዶች ተሰብስበው፣ እየዘፈኑ፣ እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ፣ ይጎነጉናሉ። ከዚህ ጀምሩ። ልጃገረዶቹ ይዝፈኑ፤ ወንዶቹም ነሐሴ ላይ የጨፈሩትን ሆያ ሆዬ ያስታውሱ።

ቀጥላችሁ እንዲህ በሉ፦ ትግራይ ውስጥም በነሐሴ አጋማሽ፣ ከፍልሰታ ጾም ፍቺ በኋላ፣ ልጃገረዶች ሣር ይቆርጣሉ። ወገባቸው ላይ ያስሩታል። የሣሩ ስም አሸንዳ ነው፤ በዓሉም አሸንዳ። ዋግ ላይ ሻደይ ይሉታል፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ። ከዚያ ወደ ቢሾፍቱ ውረዱ። ከመስቀል በኋላ ኦሮሞዎች ለኢሬቻ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር ይሰበሰባሉ። እጃቸው ላይ ምን አለ? እርጥብ ሣርና አበባ። ክረምቱ በሰላም አለፈ፣ ብርሃን መጣ ብለው ያመሰግናሉ።

አሁን ልጆቹን ጠይቋቸው፦ «ሁሉም ለምን ሣር ያዙ?» መልሱን አትስጧቸው። ከክረምት የወጣ ገበሬና እረኛ ለምን አረንጓዴ ነገር እንደሚይዝ የጎጃም ልጅ ከመምህሩ የተሻለ ያውቃል። ቤታቸው ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ ያነሳላችኋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በዓላቱ አንድ ናቸው አትበሉ። አይደሉም። አሸንዳ የራሱ ምክንያት አለው፣ ኢሬቻም የራሱ። ተመሳሳይነቱን ካያችሁ በኋላ ልዩነቱንም በአክብሮት አሳዩ። ልዩነቱ በጣም የሚጎላበትን አንድ ጨምሩ፤ እኔ የሲዳማን ፍቼ ጨምበላላ እመርጣለሁ። ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው አዲስ ዓመቱን የሚወስኑት። መስከረም 1 ቀን ብቻ አዲስ ዓመት የሚመስለው ልጅ ይህን ሲሰማ ይገረማል። ክፍሉ ውስጥ ሙስሊም ልጆች ካሉ ደግሞ ቤታቸው ኢድ እንዴት እንደሚከበር እነሱ ይንገሩ። ሩቅ አገር ፍለጋ ስንሄድ አጠገባችን የተቀመጠውን መዝለል የለብንም።

6. አገር ያየ ሰው ጋብዙ

ጎጃም አገር ያየ ሰው ሞልቶባታል። ሾፌር አለ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር አለ፣ ነርስ አለ፣ ነጋዴ አለ። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያለባቸው ከተሞች ናቸው፤ ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ ወይም መምህር ፈልጎ መጋበዝ ይቻላል። እንግዳው ንግግር አያድርግ። ልጆቹ አስቀድመው ባዘጋጇቸው ጥያቄዎች ይመልስ። ጥያቄዎቹ ትንንሽ ይሁኑ፦ እዚያ እኩያዬ የሆነ ልጅ ጠዋት ተነስቶ ምን ይሠራል? ምን ይጫወታል? እናቱ ስትቆጣው ምን ትለዋለች? ሲታመም ምን ያጠጡታል? እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይቀርባል?

የኔታ የሆኑ ሰው ቢገኙ ደግሞ መታደል ነው። ድሮ አገርን በእግሩ የሚያውቅ የቆሎ ተማሪ ነበር። ለቅኔ ከየአገሩ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይመጡ ነበር። የጎጃሙ ልጅ ደግሞ ድጓና ዝማሬ መዋሥዕት የሚባሉትን የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ለመማር ጋይንት ወዳለው ቤተልሔምና ወደ ዙር አምባ ይሄድ ነበር። አኩፋዳውን ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ እየለመነ፣ በማያውቀው ሰው ቁራሽ እያደረ። የኔታን «በጉዞው ላይ ማን አሳደረዎት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃም።

አሁን የከበደውን ልናገር። ክፍላችሁ ውስጥ ከወለጋ ወይም ከመተከል ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ሊኖር ይችላል። ይህን ልጅ «ያንን አገር ንገረን» ብላችሁ ፊት አታውጡት። መናገር ከፈለገ ራሱ ይመጣል። ያን ጊዜ ስለ ቤታቸው ዛፍ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጓደኞቹ ይናገር፤ ሌላውን አትጎትቱ። ሌላ ልጅ «እነሱ እኮ...» ብሎ ሕዝብን በጅምላ መናገር ሲጀምር ግን ወዲያው አስቁሙ፤ ሳትቆጡ፣ ግን ሳታልፉ። በኔ ክፍል «እነሱ» የሚል ቃል አይፈቀድም። የቦታውን ስም ወይም የሰዉን ሥራ ጥቀሱ እላቸዋለሁ። «ኮንሶ ያለ ገበሬ»፣ «ጅግጅጋ ያለች ነጋዴ»። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ አነጋገራቸውን ግን ትለውጣለች።

7. ልብስና ጭፈራ ላይ አትቁሙ

ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ ልጆች የየብሔረሰቡን ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። ደስ ይላል። ግን ያ ብቻ ከሆነ ልጁ ሌላውን ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ የሚጨፍር አድርጎ ያስበዋል። እያንዳንዱ ልብስ የለበሰ ልጅ አንድ የሥራ ነገር ይጨምርበት። ያ ሕዝብ ምን ያውቃል? እኛ ከእሱ ምን እንማራለን?

የኔ ምሳሌ ኮንሶ ነው። ኮንሶዎች ድንጋያማውን ተራራ በእርከን ክበው ለዘመናት አርሰውበታል። ዩኔስኮ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ልጆቹን ዝናብ በዘነበ ማግስት ወደ ቅርብ ወንዝ ውሰዷቸው። ውሃው ቀይ ነው። ያ ቀለም የአባቶቻቸው ማሳ ነው፤ ከጮቄ ተዳፋት ታጥቦ ወደ ዓባይ የሚወርድ አፈር። ከዚያ ተዳፋት ቦታ ላይ በድንጋይና በጭቃ ትንሽ እርከን ይሥሩ። አንዱን ወገን ባዶ ይተዉት። ውሃ ያፍስሱበት። ልዩነቱን ያያሉ። በዚያ ቀን ኮንሶ ሩቅ አገር አይሆንም።

8. ወደ እንቆቅልሹ ተመለሱ

በስምንተኛው ሳምንት ሁሉንም ወደ ሜዳ አውጡና ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። አሁን ጨዋታው አዲስ ደንብ አለው። ስለ አንድ አገር ሦስት ነገር የማታውቅ ከሆነ ያንን አገር መስጠት አትችልም። የተቀበለውም ሄዶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደሠራ፣ ማንን እንዴት ሰላም እንዳለ መናገር አለበት። ጎንደርና አዲስ አበባ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ። ፈተና አያስፈልግም። ማን ምን እንደያዘ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ታውቃላችሁ። ልጆቹ የተሳሳቱትን ጻፉና በሚቀጥለው ሳምንት አብራችሁ ፈትሹ።

ባለፈው ዓመት የተጫወቱት ይኼ ነው።

«እንቆቅልሽ!»
«ምን አውቅልሽ!»
«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው።»
«አላወቅሁም።»
«አገር ስጪኝ።»
«ኮንሶን ሰጠሁሽ።»
«ኮንሶ ሄጄ፣ ድንጋይ ክቤ፣ ማሽላ ዘርቼ፣ የሽፈራው ቅጠል በልቼ፣ አፈሬን ይዤ ተመለስኩ። የኔን አፈር ግን ወሰደብኝ።»
«ማን ወሰደብሽ?»
«ወንዝ!»